«አንብቤዋለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ ምን እንደሚል ግን አላወቅሁም ነበር»

ውድ አማካሪያችን፣

የ36 ዓመት ሴት ስሆን የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። በአንድ ድርጅት የግዥ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አለቆቼም ትጉህ መሆኔን ይመሰክራሉ። ማንም የማያውቀው ችግር ግን አለብኝ፤ እንግሊዝኛ አንብቤ በቅጡ አልረዳም። ተማሪ ሳለሁ የሰዋስው ፈተና አይከብደኝም ነበር፤ ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባል እሞላለሁ፣ ትክክለኛውን ምረጡ ሲባል እመርጣለሁ። አሁን አንድ ገጽ የሚሞላ ኢሜይል ሲመጣልኝ ልቤ ድው ድው ይላል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ እደጋግማለሁ፤ የማላውቀውን ቃል ሁሉ በስልኬ መዝገበ ቃላት እፈልጋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ከአእምሮዬ ጠፍቷል።

በቅርቡ ከአንድ አቅራቢ የመጣ የውል ማሻሻያ አንብቤዋለሁ ብዬ ፈረምኩ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የምንመልስበትን ጊዜ ከ30 ቀን ወደ 10 ቀን ማሳጠሩን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ነው። እስካሁን የደረሰ ኪሳራ የለም፤ እኔ ግን ያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አሁን ደግሞ የቡድን መሪ እንድሆን ተጠይቄ፣ መልስ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።

የንባብ መለማመጃ መጽሐፍ ገዝቻለሁ። ሦስት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ሁለተኛው ስለ ሥራና ንግድ፣ ሦስተኛው ስለ ትምህርት። አራት ጊዜ ጀምሬ አራቱንም ጊዜ አቋርጫለሁ። የመጀመሪያው ክፍል የልጅ ነገር ይመስለኛል፤ የመጨረሻው ያስፈራኛል። ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ ስትመጣም «ሥራ በዝቶብኛል» እያልኩ እሸሻታለሁ። ዕድገቱን ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? ለአለቃዬ እውነቱን ልንገር ወይስ ዝም ብዬ ልለማመድ? መለማመዱንስ ከየትኛው ክፍል ልጀምር?

ከወረቀት ፊት የቆምኩት

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ያስጨነቀኝ ፊርማዎ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ልጅዎን የሚሸሹባት «ሥራ በዝቶብኛል» የምትለው አጭር ቃል ውስጤ ቀረች። ወረቀቱ ሊስተካከል ይችላል። ለብዙ ጊዜ የያዙት ምስጢር ግን ከሥራ ቦታ አልፎ ቤትዎ ድረስ ገብቶ፣ ከልጅዎ ጋር ሊቀመጡበት ከሚችሉት ጠረጴዛ እያስነሳዎት ነው። ስለዚህ ስለ ንባቡም ስለ ምስጢሩም እጽፍልዎታለሁ፤ አንዱን ብቻ ብንይዝ ሌላው መልሶ የሚጥለን ይመስለኛል።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልለይ። እርስዎ «በቅጡ አልረዳም» ብለዋል፤ እኔ ከገለጹት ነገር የማየው ሌላ ነው። ኢሜይሉንም ውሉንም የመማሪያ መጽሐፉንም የሚያነቡት በአንድ መንገድ ነው፤ ከመጀመሪያው ቃል ተነሥተው፣ እያንዳንዱ የማያውቁት ቃል ጋ እየቆሙ፣ እስከ መጨረሻው። በየቃሉ የሚቆም አንባቢ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ቢረሳ አያስደንቅም፤ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ውሱን ነውና፣ መዝገበ ቃላቱ በተከፈተ ቁጥር የተያዘው ይፈስሳል። ይህ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የአነባበብ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይለወጣል።

ሁ እና ፖል ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አንባቢ ጽሑፍን ያለ እርዳታ በሚገባ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ይህም ማለት ከ50 ቃላት የማይታወቀው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ይህን መለኪያ በቀላሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ከጽሑፉ 100 ያህል ቃላት ይቁጠሩና የማያውቁትን በእርሳስ ያስምሩ። ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ያ ጽሑፍ ለመለማመጃ የተመቸ ነው፤ መዝገበ ቃላቱን ዘግተው ያንብቡት። ከአምስት ካለፉ ቀስ ብለው ሊያጠኑት የሚገባ ነው። ከአሥር በላይ ከሆኑ ግን ለጊዜው ያስቀምጡት፤ ያቋረጧቸው አራት ሙከራዎች ምናልባት የተሰናከሉት እዚህ ላይ ይሆን? የአቅራቢው ውልም ከዚህ መደብ ሳይሆን አይቀርም። ውል ለልምምድ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ በእርሳስ፣ በጊዜና ሲያስፈልግም በሌላ ሰው እርዳታ የሚነበብ የግዴታ ወረቀት ነው። ልምምዱንና ግዴታውን ከዛሬ ጀምሮ ይለያዩዋቸው።

ከቃላቱ ይልቅ አማርኛ ተናጋሪን የሚያደክመው ሌላ ነገርም አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ ሲነገር አልሰማም። በእኛ ቋንቋ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ የነገሩን ፍቺ በትዕግሥት እስከ አራት ነጥቡ ድረስ መጠበቅን ለምደናል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱንና ግሡን አስቀድሞ ይናገርና ዝርዝሩን ከኋላ ያስከትላል። «በትእዛዙ ላይ ከተጠቀሰው ቀን በኋላ የደረሱት ዕቃዎች» የምንለውን፣ እንግሊዝኛው «ዕቃዎቹ» ብሎ ይጀምርና «የደረሱት»፣ «በኋላ»፣ «ከቀኑ»፣ «የተጠቀሰው»፣ «በትእዛዙ» እያለ ወደ ኋላ ይዘረጋዋል። ቁልፉን መጨረሻው ላይ የሚጠብቅ አንባቢ፣ ቁልፉ መጀመሪያ ላይ አልፎት በዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥምዎት ወደ ፊት ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጉ፤ ማን ነው? ምን ያደርጋል? ባለቤቱን ያክብቡ፣ ግሡን ያስምሩበት። የቀረው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ማብራሪያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። መጀመር ያለብዎት የልጅ ነገር ነው ካሉት ከመጀመሪያው ክፍል ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ንባብ «ሰርቫይቫል» ይሉታል፤ ያለ እርሱ ቀን የማይታለፍበት ንባብ ማለታቸው ነው። አይኤልትስ በተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ ጄኔራል ትሬይኒንግ የሚባለው ዓይነት የንባብ ክፍል በ60 ደቂቃ የሚመለሱ 40 ጥያቄዎች አሉት፤ የተዋቀረውም ከመጽሐፍዎ ጋር በሚቀራረብ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ማስታወቂያዎችና የጊዜ ሰሌዳዎች ይመጣሉ፣ ቀጥሎ የሥራ መደብ መግለጫና የሥራ ውል የመሳሰሉ የሥራ ቦታ ጽሑፎች፣ በመጨረሻም ረጅም ጽሑፍ። ይህን ፈተና ይውሰዱ ማለቴ አይደለም። የፈተናው አዘጋጆች እንዲህ ያለውን የመጀመሪያ ክፍል ለአዋቂዎች ብለው እንዳስቀመጡት እንዲያዩ ብዬ ነው።

አጭሩ ጽሑፍ ለምን እንደሚከብድ በምሳሌ ላሳይዎት። «መስት ኖት» እና «ዶንት ሃቭ ቱ» የሚሉትን ሐረጎች ይውሰዱ። ሁለቱንም ወደ አማርኛ ስንመልስ «የለብዎትም» ማለት ይቀናናል። የመጀመሪያው ግን ክልክል ነው ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግዴታ የለብዎትም፣ ከፈለጉ ግን ይችላሉ ማለት ነው። በመድኃኒት ወረቀት ላይ ይህን ልዩነት መሳት አደጋ አለው። «ኢንፍላመብል» የሚለውንም ይመልከቱ። ቃሉ ሲጀምር ያለው «ኢን» በብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ አፍራሽ ስለሆነ፣ የማይቀጣጠል ማለት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ከ«ፍላመብል» ጋርም አንድ ነው። «አፕ ቱ» ሲል ከዚያ አይበልጥም፣ «አት ሊስት» ሲል ከዚያ አያንስም፣ «ኖ ሌተር ዛን» ሲል ደግሞ ከዚያ ቀን አያልፍም ማለቱ ነው። ቃላቱን ለየብቻ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ተገጣጥመው ሲመጡ ነው የሚያሳስቱት። በዕቃ ማሸጊያ፣ በመድኃኒት መግለጫና በመሣሪያ መመሪያ ላይ ያሉትን እንዲህ ያሉ ሐረጎች በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ቢመለከቱ፣ ውሉ ውስጥ ሲገቡ ግማሹ የቆየ ወዳጅ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ከዚያው ፈተና አንድ ልምምድ ልዋስ። ከጥያቄዎቹ ዓይነቶች በአንደኛው አንባቢው አንድን ሐሳብ «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «አልተነገረም» ብሎ እንዲለይ ይጠየቃል። ብዙ ሰው የሚስተው «አልተነገረም» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም ጽሑፉ የተወውን ክፍተት በራሳችን ግምት እንሞላዋለን። ይህን ሳነብ የእርስዎን የውል ማሻሻያ አሰብኩ። ምናልባት ወረቀቱን ያነበቡት የቀድሞው ውል ይሆናል ብለው በጠበቁት ዓይን ይሆን? ከእንግዲህ አንድ ኢሜይል ካነበቡ በኋላ በአማርኛ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ ምን ይላል፣ እኔ ከጠበቅሁት ምን ይለያል፣ ምን ሳይናገር ቀርቷል። ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከመላው መጽሐፍዎ ይልቅ የሚጠቅምዎት እርሱ ነው።

ለሥራና ለንግድ ጽሑፍ ደግሞ በተለያየ ዓላማ ሦስት ጊዜ ማንበብን እመክርዎታለሁ። በመጀመሪያው ዙር ከቁጥር፣ ከቀንና ከስም በቀር ምንም አይመልከቱ። ይህ ብቻውን 30 የነበረው 10 መሆኑን ያሳይዎት ነበር። ቀኖቹንም በጥንቃቄ ይዩ፤ 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን በአሜሪካ አጻጻፍ ማርች 4 ሲሆን በብሪታንያ አጻጻፍ ኤፕሪል 3 ነው፤ አቅራቢው የትኛውን እንደሚጠቀም መጠየቅ የእንግሊዝኛ አለመቻል ሳይሆን የጥሩ ግዥ ሠራተኛ ጥንቃቄ ነው። በሁለተኛው ዙር ግዴታና መብት ይፈልጉ። በውል ቋንቋ «ሻል» ብዙውን ጊዜ ግዴታን፣ «ሜይ» ደግሞ ፈቃድን ያመለክታል፤ ከእያንዳንዳቸው በፊት ያለው ባለቤት እናንተ ናችሁ ወይስ አቅራቢው? በሦስተኛው ዙር የሚታደኑት ማፈንገጫዎቹ ናቸው፤ «አንለስ» (ካልሆነ በቀር)፣ «ኤክሴፕት» (ከዚህ በስተቀር)፣ «ሰብጀክት ቱ» (ለዚህ ተገዢ ሆኖ)፣ «ፕሮቫይድድ ዛት» (ይህ እስከተሟላ ድረስ)። የሰጠውን መብት መልሶ የሚያጠብበው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ቃላት በኋላ የሚመጣው ሐረግ ነው። የውል ማሻሻያ ከሆነም ለብቻው አያንብቡት፤ ከቀድሞው ውል ጎን አስቀምጠው ምን ተሰረዘ፣ በምን ተተካ ብለው በጣትዎ እየተከተሉ ያመሳክሩ።

በንግድ ውስጥ የለመድናቸው ቃላትም ፊታቸውን ይቀይራሉ። «አውትስታንዲንግ» ስለ ሰው ሥራ ሲነገር እጅግ የላቀ ማለት ነው፤ ስለ ሒሳብ ሲነገር ግን ገና ያልተከፈለ ማለት ነው። በክፍያ መጠየቂያ ላይ የሚጻፈው «ኔት 30» በተለመደው አሠራር በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል ማለት ነው። «ባይዊክሊ» የሚለው ቃል በሳምንት ሁለት ጊዜም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜም ተብሎ ስለሚተረጎም፣ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም ይጠያየቁበታል። በስልክ የሚገኙ የትርጉም መሣሪያዎችን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ራስዎ ካነበቡ በኋላ ማመሳከሪያ እንጂ በንባቡ ፈንታ አይሁኑ። የድርጅትዎን ውል ያለ ፈቃድ ወደ እነርሱ ማስገባትም ተገቢ አይደለም።

ስለ ትምህርቱ ክፍል ብዙ አልልም፤ ለአሁኑ ችግርዎ ሩቅ ነው፤ ግን አይፍሩት። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የትምህርት ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከእርሱ ከሚወጡት ቅርጾች ጋር) ያሉት ሲሆን፣ በትምህርታዊ ጽሑፎች ውስጥ ከሚገኙት ቃላት 10 በመቶ ገደማውን ይሸፍናል። ስለዚህ የሚያስፈራዎት ክፍል ማለቂያ የሌለው ባሕር አይደለም። ርዕሱን ወደ ጥያቄ ቀይረው መልሱን ይፈልጉ፤ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በቅድሚያ ያንብቡ፤ «ሃውኤቨር» ሲያዩ ሐሳቡ መዞሩን፣ «ዜርፎር» ሲያዩ ድምዳሜ መምጣቱን ይወቁ። ይህን ክፍል በመለማመጃው መጽሐፍ ሳይሆን በልጅዎ መማሪያ መጽሐፍ ቢጀምሩት እመርጣለሁ። የ12 ዓመት ልጅ የሳይንስ መጽሐፍ ለእርስዎ የተመቸ ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሥዕልና ማብራሪያም አለው። ላስተምርሽ አይበሏት፤ «እኔም እየተማርኩ ነው፤ ይህን ገጽ አብረን እንየው» ይበሏት። እስኪ ራስዎን በቀስታ ይጠይቁ፤ ልጅዎ እውነቱን ብታውቅ ምን ትላለች ብለው ነው የሚፈሩት? እናቷ የማታውቀውን ስትጠይቅ ያየች ልጅ፣ እርሷም ያልገባትን መጠየቅ አያሳፍራትም።

ስለ ቃላት ማጥናትም ጥቂት ልበል። በቀን ከአምስት ቃል በላይ አይመዝግቡ፤ የሚመዘግቡትንም ከተገኘበት ዓረፍተ ነገር ጋር ይጻፉ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ይመለሱበት፤ ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው የተማርነውን በፍጥነት የምንረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለ ፍጥነት አይጨነቁ። ማርክ ብሪስባርት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው እንዳሰሉት፣ እንግሊዝኛ አንባቢ አዋቂዎች ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ በዝምታ ሲያነቡ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃላት ያህል ያነባሉ። እርስዎ በሁለተኛ ቋንቋ በደቂቃ 100 ቃላት ቢያነቡ እንኳ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ 2,000 ቃላት አነበቡ ማለት ነው፤ ይህ ከብዙ ኢሜይሎች በላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ወደ አለቃዎና ወደ ዕድገቱ ልምጣ። ዝም ብሎ መለማመድ የሚቻል ነው፤ ክብርዎን የሚጠብቅም ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ሳምንት አጭር ነው፤ ምስጢር ይዞ የተገባበት ኃላፊነትም በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ፍርሃትን ይጨምራል። ዕድገቱን መተውም አንድ መንገድ ነው፤ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ግን አሁን በያዙት ሥራም ውል እየፈረሙ ስለሆነ ችግሩ ባለበት ይቆያል። እኔ በበኩሌ ዕድገቱን እንዲቀበሉ፣ ከመቀበልዎ በፊት ግን እውነቱን በልኩ እንዲናገሩ እመርጣለሁ። በልኩ የምለው፣ መላ ሕይወትዎን መዘርዘር ስለማያስፈልግ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ኃላፊነቱን በደስታ እቀበላለሁ። ረጅም የእንግሊዝኛ ውል ለማንበብ ከሌሎች የበለጠ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ በዚህም ላይ እየሠራሁ ነው። ውል ከመፈረሙ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢደርሰኝና ሁለተኛ ሰው ቢያየው ለሁላችንም ይጠቅማል።» ውል በሁለት ሰው ዓይን መታየቱ ጤናማ አሠራር ስለሆነ ጥያቄዎ እንደ ልመና አይቆጠርም። ከመናገርዎ በፊት ግን አለቃዎን እርስዎ ያውቋቸዋልና ይመዝኑ፤ ሰው ስህተቱን ሲነግራቸው እንዴት ሲቀበሉ አይተዋል? የማያስተማምኑ ከሆነ፣ መጀመሪያ የውሉን ነገር ለነገረዎት ባልደረባዎ ይንገሩ፤ እርሱ ነገሩን አይቶም አላጋለጠዎትም።

አንድ ነገር ግን ለሦስት ሳምንት ባይቆይ እወዳለሁ፤ እርሱም የ10 ቀኑ ጉዳይ ነው። ዕቃ የሚመረምሩት ሰዎች አሁንም 30 ቀን ያለ ይመስላቸው ይሆናል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ በ12ኛው ቀን ቢገኝ ኪሳራው እውነተኛ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ውስጥ ለሚመለከታቸው ሁሉ የመመለሻው ጊዜ መለወጡን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ይላኩ፤ ለአለቃዎም ለውጡን ሲፈርሙ እንዳላስተዋሉትና ከአቅራቢው ጋር ለመነጋገር ዝግጁ መሆንዎን ራስዎ ይንገሯቸው። ሲናገሩ ድምፅዎ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ቢንቀጠቀጥም ይናገሩ።

ለሦስቱ ሳምንታት ልምምዱን ቀላል ያድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ 20 ደቂቃ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ያንብቡ፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከልጅዎ ጋር አንድ ገጽ ይጨምሩ። በሁለተኛው ሳምንት ከአጫጭር የሥራ ኢሜይሎች ጀምረው ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት ያን የፈረሙትን ማሻሻያ ከቀድሞው ውል ጋር አውጥተው በሦስት ዙር ያንብቡት፤ ይዘቱን አሁን ስለሚያውቁት አያስፈራዎትም፤ የ10 ቀኑ ዓረፍተ ነገር የት እንደነበረና በምን ቃል እንደተጻፈ በዓይንዎ ያገኙታል። ያን ዓረፍተ ነገር በማስታወሻዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይገልብጡት። ለአለቃዎ ምን እንደመለሱ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ከመለማመጃው መጽሐፍ ያልተፈታልዎት አንቀጽ ካለም አብረው ይላኩልኝና በሚቀጥለው ዓምድ አብረን እናየዋለን።